የላቲንን ዕጣ የፈሩ ሰዎች

በ1712 ዓ.ም. ጆናታን ስዊፍት ለእንግሊዝ መንግሥት የግምጃ ቤት ሹም ለኦክስፎርዱ መስፍን ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልመናው እንግሊዝኛን የሚያርሙ፣ የሚያጠሩ፣ ካጠሩትም በኋላ ዳግመኛ እንዳይለዋወጥ የሚያጸኑ ሊቃውንት የሚቀመጡበት ጉባኤ ይቋቋም የሚል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ንግሥት አን ሞተች፤ የስዊፍት ወዳጆች ከሥልጣን ወረዱ፤ ጉባኤውም ሳይወለድ ቀረ።

በ1713 ደግሞ ማድሪድ ውስጥ የቪዬና መስፍን ሁዋን ማኑዌል ፈርናንዴስ ፓቼኮ ጥቂት ምሁራንን በገዛ ቤቱ ይሰበስብ ጀመር። ሐሳቡ ከስዊፍት ሐሳብ የራቀ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ንጉሡ ፊሊፔ አምስተኛ ፈቃዱን ሰጠ፤ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚም ጸና። ከ1726 እስከ 1739 ባለው ጊዜ ስድስት ቅጽ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ በ1741 የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት ደነገገ። ዓርማው በእሳት ላይ የተጣደ የአንጥረኛ ማቅለጫ ነው፤ መፈክሩም ማጥራት፣ ማጽናትና ማድመቅ።

እንግዲህ ሁለት መንግሥታት በአንድ ዘመን አንድ ሐሳብ አሰቡ፤ አንደኛው ጉባኤ አቆመ፣ ሌላኛው ደብዳቤውን ይዞ ቀረ። ከዚህ ተነሥቶ፣ «ጠባቂ የነበረው ስፓኒሽ እንደ አንድ ወጥ ሸማ ሳይቀደድ ኖረ፤ ጠባቂ ያልነበረው እንግሊዝኛ ግን ተበጣጠሰ» ብሎ የሚደመድም አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱም ልሳናት በየሄዱበት ሀገር መልካቸውን ለውጠዋል፤ ሁለቱም ግን አልተሰነጠቁም። እኔን የሚገርመኝ ይሰነጠቃሉ ብለው የፈሩት፣ አንዳንዶችም ይሰነጠቁ ብለው የተመኙት፣ የዘመናቸው ታላላቅ ሊቃውንት መሆናቸው ነው። የእነርሱን ነገር ከማውሳታችን በፊት ልዩነቱ ምን እንደሚመስል ጥቂት እንመልከት።

የስፓኒሽ አናባቢዎች አምስት ናቸው፤ ከማድሪድ እስከ ሜክሲኮ፣ ከሃቫና እስከ ሳንቲያጎ ቢሄዱ እምብዛም አይናወጡም። የሚለዋወጡት ተነባቢዎቹ ናቸው። ማድሪድ ላይ «ካሳ» ማለት ቤት ነው፤ አደን ለማለት ግን በ«ስ» ፋንታ ምላስን በጥርስ መካከል ብቅ አድርጎ የሚወጣ ሌላ ድምፅ ያስገባሉ፤ እንግሊዞች «ሦስት» የሚለውን ቃላቸውን የሚጀምሩበት ዓይነት ድምፅ ነው። በሴቪያ፣ በካናሪ ደሴቶችና በመላው የአሜሪካ ስፓኒሽ ግን ቤትም «ካሳ» ነው፤ አደንም «ካሳ» ነው። የሃቫና ሰው በቃል መጨረሻ ያለችውን «ስ» ወይ ወደ ትንፋሽ ይለውጣታል፣ ወይ ጭራሹን ይውጣታል፤ «ሎስ አሚጎስ» ያለው የማድሪድ ሰው ወዳጆቹን ሲጠራ፣ እርሱ «ሎ አሚጎ» ብሎ ያልፋል። ማድሪድ «ካዬ» የሚላትን መንገድ የቦነስ አይረስ ሰው «ካሼ» ይላታል። እንግሊዝኛ በተቃራኒው ነው። ተነባቢዎቹ፣ አንዷን «ር»ን ካላነሣን፣ በያገሩ አብዛኛውን ጊዜ ረግተው ይኖራሉ፤ አናባቢዎቹ ግን ከለንደን ወደ ግላስጎው፣ ከግላስጎው ወደ ቴክሳስ፣ ከቴክሳስ ወደ ሲድኒ ሲጓዙ እንደ ውሃ የያዛቸውን ዕቃ መልክ ይይዛሉ። «ር»ም ብትሆን ለንደን ላይ ጠፍታ መኪና «ካ» ትባላለች፤ ቺካጎ ላይ ግን «ካር» ናት።

ስለ ማድሪዱ ድምፅ አንድ የታወቀ ተረት አለ። አንድ የጥንት ንጉሥ ይኮላተፍ ነበርና መኳንንቱ እርሱን ለማስደሰት ኮለተፉ፣ ሕዝቡም መኳንንቱን ተከተለ ይባላል። ተረት ብቻ ነው። ሕዝብ ንጉሥ ለመምሰል ኮልትፎ ቢሆን ኖሮ «ስ»ን ጨርሶ ባጣት ነበር፤ የማድሪድ ሰው ግን ሁለቱንም ድምፆች አጥርቶ ይለያል።

ታዲያ ይህን ካርታ ማን ሣለው? በእኔ አስተያየት ከሰዋስው መጽሐፍ ይልቅ መርከብ ነው የሣለው።

ስፔን በ1503 ከአዲሱ ዓለም ጋር የሚደረገውን ንግድና ጉዞ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በሴቪያ ከተማ አቋቋመች። ወደ ማዶ ለመሻገር የፈለገ ሁሉ፣ ከሰሜን ካስቲያም ይምጣ ከባስክ ሀገር፣ ወደዚህች የአንዳሉሲያ ከተማ ወርዶ ፈቃዱን እስኪያገኝ፣ መርከቡም እስኪዘጋጅ ሳምንታትና ወራት ይጠብቃል። መርከበኛው አንዳሉሳዊ ነው፤ ስንቅ ሻጯ አንዳሉሳዊት ናት፤ በመንገድ የሚያርፉባቸው የካናሪ ደሴቶችም አነጋገራቸው ከሴቪያ የተዛመደ ነው። ፒተር ቦይድ ቦውማን የተባለ ተመራማሪ የቀደሙትን ተሻጋሪዎች ስምና የትውልድ ቦታ ከየመዝገቡ ለቅሞ ሲቆጥር፣ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ከተሻገሩት ሴቶች ከግማሽ የሚበልጡት ከአንዳሉሲያ የሄዱ ሆነው አገኛቸው። ልጆችን አፍ የሚያስፈቱት ደግሞ እነርሱ ነበሩ። ቤትና አደን በመላው አሜሪካ አንድ ድምፅ የሆኑት እንዲህ ነው።

መርከቡ በዚህ አላበቃም። የሃቫና፣ የቬራክሩስ፣ የካርታኼና ወደቦች ለሁለት መቶ ዓመታት ከአንዳሉሲያ መርከበኞች ጋር ሲገናኙ ኖሩ፤ የሴቪያ «ስ» ስትዳከም የእነርሱም አብራ ተዳከመች። ሜክሲኮና ሊማ ግን የእንደራሴ መቀመጫዎች ነበሩ፤ ሹሙ፣ ዳኛው፣ ጳጳሱ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር ከካስቲያ ይላክላቸዋል። ሁለቱም በ1551 ዩኒቨርሲቲ ተፈቀደላቸው፤ ሜክሲኮማ ከ1539 ጀምሮ ማተሚያ ቤት ነበራት። ስለዚህ የሜክሲኮ ሰው እስከ ዛሬ «ስ»ን አጥርቶ ይናገራል። የአንዱ ሀገር አነጋገር «ንጹሕ»፣ የሌላው «የተበላሸ» መባሉ ከዚህ ከወደብና ከቤተ መንግሥት ልዩነት የመጣ ነው፤ በጥበብ መብለጥና ማነስ የመጣ አይደለም።

በእንግሊዝኛም መርከቡ ያው መርከብ ነው፤ የተነሣበት ጊዜ ግን ነገሩን ይወስነዋል። በ1607 ጄምስታውን፣ በ1620 ፕሊመዝ ላይ የሰፈሩት እንግሊዛውያን ሀገራቸውን ሲለቁ «ር»ን ገና አልጣሏትም ነበር። ለንደን «ር»ን ከቃላት መጨረሻ መዋጥ ልማድ ያደረገችው በ18ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ነው። አዲሱ ፋሽን ከለንደን ጋር በሚነግዱት በቦስተን፣ በቻርለስተንና በሳቫና ወደቦች ወረደ፤ ከወደቦቹ አልፎ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ሰፋሪዎች ወደ ያዙት ወደ መሀል አገሩ ግን አልዘለቀም። ወደ አውስትራሊያ የመጀመሪያዎቹ መርከቦች በ1788 ሲደርሱ ግን የለንደን «ር» መንገድ ጀምራ ነበርና ሲድኒ «ካ» ብላ ቀረች። እንግዲህ አሜሪካዊው «ካር» ሲል ያበላሸው ነገር የለም፤ ያቆየው እንጂ።

በዚህ ላይ አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። በ1962 ዊልያም ላቦቭ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ኒውዮርክ ውስጥ ወደ ሦስት ታላላቅ መደብሮች ገባ፤ አንዱ ሀብታሞች፣ አንዱ መካከለኞች፣ ሦስተኛው ድኾች የሚገበዩበት። በአራተኛው ፎቅ እንዳለ አስቀድሞ የሚያውቀውን ዕቃ «የት ይገኛል?» እያለ ሻጮቹን ጠየቀ። «አራተኛ ፎቅ» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ በሁለቱም ቃላት ውስጥ «ር» አለው። ከመለሱለት በኋላ ያልሰማ መስሎ እንደገና ያስነግራቸዋል፤ ከዚያም ዘወር ብሎ የሰማውን ይጽፋል። በሀብታሞቹ መደብር «ር» አብዝታ ተሰማች፤ በድኾቹ መደብር ግን እምብዛም። ለንደን ላይ የጨዋ ልጅነት ምልክት የሆነው የ«ር» መጥፋት፣ ኒውዮርክ ላይ የድህነት ምልክት ሆኖ ተገኘ። ድምፅዋ አንድ ናት፤ ዋጋዋን የሚተምንላት ገበያው ነው።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሁሉ የሚቀርበን ግን ሰው ለሰው የሚጠራራበት ነገር ይመስለኛል። «አንተ» ከማለት «እርስዎ» ወደ ማለት፣ ወይም ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ስንሻገር ምን ያህል ነገር እንደሚንቀሳቀስ እናውቃለን። ስፓኒሽም አንድን ሰው በሦስት መንገድ ይጠራል፤ «ቱ»፣ «ቦስ»፣ «ኡስቴድ»። «ቦስ» በጥንት ዘመን ለንጉሥና ለመኳንንት የሚገባ ነበር። እንደ ማንኛውም ማዕረግ ሁሉም ሲጠራበት ጊዜ ረከሰ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ስፔን ውስጥ የተከበረን ሰው «ቦስ» ማለት እንደ መናቅ ይቆጠር ጀመር። ስለዚህ ለአክብሮት «ቡዌስትራ መርሴድ»፣ «ቸርነትዎ» እንደ ማለት፣ ተፈጠረ፤ ያም በምላስ ላይ እየተሸራረፈ «ኡስቴድ» ሆነ። ለቅርብ ሰው «ቱ» ነገሠ። ሜክሲኮና ሊማ የማድሪድን ፋሽን በቅርብ ይከተሉ ነበርና «ቦስ»ን ጣሉ። ቦነስ አይረስ ግን በ1580 ለሁለተኛ ጊዜ ከተቆረቆረች በኋላ እስከ 1776 ድረስ ለሊማ እንደራሴ የምትገዛ ዳር አገር ነበረች፤ የእንደራሴ መቀመጫ የሆነችው ያን ጊዜ ነው። የማድሪድ ጌጥ ሳይደርሳት ኖረች፤ «ቦስ»ም ከእርሷ ጋር ቀረ። በአብዛኛው ማዕከላዊ አሜሪካም እንዲሁ ሆነ።

በኮሎምቢያ ደጋ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በቦጎታና በቦያካ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት «ኡስቴድ» መባባላቸው የተለመደ ነው፤ መራራቅ ወይም መኳረፍ አይደለም። ከዚያም በላይ «ሱመርሴ» የሚል አለ፤ ያችው የጥንቷ «ቸርነትዎ» ናት። የቦያካ እናት ልጇን፣ ልጅም እናቱን፣ ባለሱቋም ደንበኛዋን «ሱመርሴ» ትላለች፤ አክብሮትና ፍቅር በአንድ ቃል። አያቶቹ ባላቸውን «አንቱ» ሲሉ የሰማ ሰው ይህ አይከብደውም። ሌላው ስፓኒሽ ተናጋሪ ግን ሲሰማው ግራ ይገባዋል፤ የማድሪዱ ሚስቱን «ኡስቴድ» ቢላት የተቀየማት ይመስላታል።

እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ መከራ በአንድ ቢላዋ ቆርጦ ጣለው። የጥንቱ «ዛው» ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከዋናው አነጋገር እየወጣ ሄደ፤ በሰሜን እንግሊዝ ገጠሮችና ሰውን ሁሉ እኩል ለመጥራት በቆረጡት በክዌከሮች ዘንድ ብቻ ጥቂት ቆየ። ዛሬ ንጉሡም ጫማ ጠራጊውም «ዩ» ናቸው። ቢላዋው ግን አንድና ብዙን የሚለየውንም አብሮ ቆርጦት ነበር። እናም ሕዝቡ በየሰፈሩ ይጠግነው ገባ፤ የአሜሪካ ደቡብ «ያል» አለ፣ ፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ ደብሊንና ሊቨርፑል «ዩዝ»። አካዳሚ በሌለበት ሀገር እነዚህን ቃላት «ስሕተት» ያላቸው ማን ነው? ቀይ እስክሪብቶ የያዘ የትምህርት ቤት መምህር። አካዳሚ አለመኖሩ ፈራጅ አለመኖር አይደለም።

ስለ ቃላት ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ የዚህ ዓይነቱን ተጓዥ ሁሉ ይተርከዋል። ማድሪድ ላይ «ኮኼር» ብሎ አውቶቡስ መያዝ ነውር የለውም፤ ያንኑ ግስ ሜክሲኮ ወይም ቦነስ አይረስ ላይ ቢናገሩት ሰው ፊቱን ያዞራል። አሜሪካዊ «ፓንትስ» ብሎ ሱሪውን ሲያነሣ እንግሊዙ የውስጥ ልብሱን ያስባል። ከእነዚህ ሁሉ የማልተዋት «ጓጓ»ን ናት (ለእኛ ጆሮ እንዴት ትጥማለች!)። በኩባና በካናሪ ደሴቶች «ጓጓ» አውቶቡስ ናት፤ ባሕር ማዶ ያሉ ዘመዳሞች እየተመላለሱ አንድ ቃል አቆዩ። በቺሊ ግን «ጓጓ» ከሀገሬው ልሳን የመጣ ቃል ሆኖ ሕፃን ልጅ ማለት ነው። ኩባዊው ሳንቲያጎ ወርዶ «ጓጓ ላይ ልወጣ ነው» ቢል የሚሰማውን ሰው ድንጋጤ አስቡት።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና የ«ቢሊዮን»ንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ በእኛም አማርኛ፣ ቢሊዮን ሺህ ሚሊዮን ነው። በጥንቱ የብሪታንያ ልማድ ግን ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነበር፤ የብሪታንያ መንግሥት የአሜሪካኖቹን አቆጣጠር ለሕዝብ መዝገቦቹ የተቀበለው በ1974 ነው። ስፓኒሽ በጥንቱ ጸና፤ የእርሱ «ቢዮን» ዛሬም ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ በአሜሪካ ጥላ ሥር ያለችው ፖርቶ ሪኮ ግን ወደ አሜሪካኖቹ አዘንብላለች። በ1995 የቬኔዙዌላው ፕሬዚዳንት ራፋኤል ካልዴራ ጠይቆ «ሚያርዶ» የሚል ቃል ለሺህ ሚሊዮን ወደ መዝገበ ቃላቱ ገባ፤ ሕዝቡ ግን ዛሬም «ሺህ ሚሊዮን» ማለትን ይመርጣል። ሦስት ዜሮ ያጠፋ ተርጓሚ ወየውለት።

አሁን ወደ ፈሪዎቹና ወደ ተመኚዎቹ እንመለስ። የሁሉም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር፤ ወደ ላቲን። የሮም መንግሥት ሲፈርስ ላቲን ተሰባብሮ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፖርቱጋልኛ ሆነ። ታዲያ የለንደንና የማድሪድ ግዛት ሲፈርስስ?

ኖህ ዌብስተር ይህን በደስታ ጠበቀው። አሜሪካ ነጻ ከወጣች ብዙም ሳይቆይ፣ በ1789፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ አነጋገር ወደፊት ደችና ስዊድንኛ ከጀርመንኛ የተለያዩትን ያህል እንደሚለያዩ ጻፈ፤ እንደሚገባም አመነ። ነጻ ሕዝብ በገዛ ልሳኑ መናገር አለበትና። ቀለም ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ዩ»ን አወጣ፤ መካከል በሚለው ቃል መጨረሻ ያሉትን ሁለት ፊደላት አለዋወጠ። አሜሪካኖች እነዚህን ተቀበሉት፤ ምላስንና ሴቶችን በድምፃቸው ልክ ለመጻፍ ያቀረበውን ግን ሳቁበት። ሰባ ሺህ ያህል ቃላት የያዘው ታላቁ መዝገበ ቃላቱ በ1828 ሲወጣ ግን ሽማግሌው ሐሳቡን አለዝቦ፣ የሁለቱ ሀገር ልሳን አንድ ሆኖ ቢቆይ መልካም መሆኑን መስክሯል።

አንድሬስ ቤዮ ግን ፈራ። በ1781 ካራካስ የተወለደው ይህ ሰው በ1810 ከሲሞን ቦሊቫር ጋር የነጻነቱ መልእክተኛ ሆኖ ለንደን ሄደ፤ ቦሊቫር ተመለሰ፣ ቤዮ ግን ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት በችግር ቀረ። ልጆች እያስተማረ፣ የጀርሚ ቤንታምን ለዓይን የሚያስቸግር የእጅ ጽሑፍ እየገለበጠ ኖረ። በ1829 ቺሊ ተሻገረ፤ የቺሊ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ሬክተር ሆነ። በ1847 የሰዋስው መጽሐፉን ሲያሳትም ለካስቲያ ሰዎች ሳይሆን ለስፓኒሽ ተናጋሪው የአሜሪካ ሕዝብ የጻፈው መሆኑን በርእሱ ላይ ሳይቀር አስቀመጠ። የአሜሪካ አነጋገር ትክክለኛና የተስፋፋ እስከ ሆነ ድረስ ከካስቲያ አነጋገር እኩል መብት አለው አለ፤ በዚያው ትንፋሽ ግን ልሳኑ ተበታትኖ እንደ ላቲን እንዳይሆን አስጠነቀቀ።

ዌብስተር መለያየትን ሲመኝ ቤዮ ለምን ፈራው? ሁለቱም የነጻነት ልጆች ናቸው። ለእኔ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዌብስተር አንድ ሪፑብሊክ ነበረው፤ ልሳኑ ቢለያይ የሚለየው ከለንደን ብቻ ነው። ቤዮ ግን ከደርዘን በላይ ሪፑብሊኮች ነበሩት፤ ልሳኑ ቢለያይ ቬኔዙዌላዊው ከቺሊያዊው ሊለያይ ነው። ካራካስ ተወልዶ ሳንቲያጎ ለሚያስተምር ሰው ደግሞ ይህ የመጽሐፍ ነገር ብቻ አልነበረም። ጦርነትና ድንበር የለያየውን ሕዝብ የሚያያይዝ ሌላ ክር አልታየውም።

ቺሊ ውስጥ ቤዮን የተጋፈጠው ከአርጀንቲና ተሰዶ የመጣው ዶሚንጎ ፋውስቲኖ ሳርሚየንቶ ነው፤ ኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት የሆነው። በ1842 በጋዜጣ ተሟገቱ፤ በ1843 ሳርሚየንቶ ለዩኒቨርሲቲው ጽሑፍ አቀረበ፤ አሜሪካውያን የማይናገሩትን ድምፅ የሚወክሉ ፊደላት ለምን እንጽፋለን? የማትነበበው «አቼ»ስ ለምን ትኖራለች? በእኛ ዘንድ ስለ ሞክሼ ፊደላት የተደረገውን ክርክር የሚያውቅ አንባቢ የሁለቱንም ወገን መልስ ከወዲሁ ይገምታል። የሚያስገርመው ቤዮ ራሱ በ1823 ለንደን ሳለ የፊደል ማሻሻያ ያቀረበ ሰው መሆኑ ነው። በ1844 ቺሊ መካከለኛ መንገድ መረጠች፤ ጥቂት ፊደላት ተሻሻሉ። በዚያው ዓመት ስፔን የቺሊን ነጻነት አወቀች። ማሻሻያው በቺሊ እስከ 1927 ቆይቶ በመንግሥት ትእዛዝ ተሻረ፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስፔናዊው ገጣሚ ሁዋን ራሞን ሂሜኔስ ግን ከእነዚያ ልማዶች አንዷን፣ በ«ጌ» ፋንታ «ኾታ» መጻፍን፣ ዕድሜውን ሙሉ አልተዋትም። ቤዮ ደግሞ የቺሊን «ቦስ» አጥብቆ ነቅፎ በትምህርት ቤት በኩል ከተማረው ሰው አፍ አባረረው። ቦነስ አይረስ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም።

ከቤዮ በኋላ ፍርሃቱን የወረሰው የቦጎታው ሩፊኖ ሆሴ ኩዌርቮ ነው። እርሱና ወንድሙ አንኼል ቢራ ጠምቀው የሚሸጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ በ1882 ድርጅቱን ሸጠው ፓሪስ ገቡ። ሩፊኖ በቢራው ገንዘብ የስፓኒሽን ቃላት አገባብ ከነምስክራቸው የሚያስረዳ መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ ጀመር። የመጀመሪያው ቅጽ በ1886፣ ሁለተኛው በ1893 ወጣ፤ ከዚያ ቆመ። በ1899 ለአንድ አርጀንቲናዊ ደራሲ በጻፈው ደብዳቤ፣ ስፓኒሽ ሮም ስትወድቅ ላቲን በነበረበት ዋዜማ ላይ መሆኑን ገለጸ፤ ሪፑብሊኮቹ የጋራ መጽሐፍና የጋራ ማእከል የላቸውም አለ። ስፔናዊው ልብ ወለድ ጸሐፊ ሁዋን ቫሌራ ተቆጥቶ መለሰ፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1900 ደግሞ ሉሲየን አቤይ የተባለ ቦነስ አይረስ የሚያስተምር ፈረንሳዊ፣ አርጀንቲና የራሷን ልሳን እየወለደች ነው የሚል መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳተመ። በእንግሊዝኛም በኩል ሄንሪ ስዊት በ1877 ከመቶ ዓመት በኋላ እንግሊዝ፣ አሜሪካና አውስትራሊያ እርስ በርሳቸው የማይግባቡባቸው ልሳናት እንደሚኖሯቸው ጽፎ ነበር። 1977 መጣ፤ አለፈ።

ላቲን የተሰባበረው መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ገበያው ሲቋረጥ ነው። ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ግን መንግሥታቸው ሲፈርስ መርከቡ አልቆመም፤ ጋዜጣውና ማተሚያ ቤቱ በዛ እንጂ። ኩዌርቮ የጠፋ የመሰለው የጋራ መጽሐፍም ሳይታሰብ መጣ። የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ያሰደዳቸው ምሁራንና አሳታሚዎች ቦነስ አይረስና ሜክሲኮ ገቡ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተቋቋሙት ሎሳዳና ሱዳሜሪካና መላውን ስፓኒሽ ተናጋሪ ይመግቡ ጀመር። በ1967 አንድ ኮሎምቢያዊ ሜክሲኮ ተቀምጦ የጻፈው «የመቶ ዓመት ብቸኝነት» ቦነስ አይረስ ላይ በ8,000 ቅጂ ታተመ። የጋብሪየል ጋርሲያ ማርኬስን መጽሐፍ ለማንበብ የማድሪድ ሰው አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ይህ ማለት ግን አንድነቱ ያለ ቁስል ተገኘ ማለት አይደለም። በ1943 አርጀንቲና ውስጥ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ መንግሥት «ንጹሕ ቋንቋ» በማለት የታንጎ ግጥሞች በሬዲዮ ከመተላለፋቸው በፊት ከቦነስ አይረስ የሰፈር ቃላትና ከ«ቦስ» እንዲጸዱ አስገደደ። ግጥም የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። በድኻ ሰፈር ለተወለደ ዘፈን፣ የተከዳ ሰው ፍቅረኛውን በ«ቦስ» እየጠራ የሚያለቅስበትን ስንኝ «ቱ» ብለህ ቀይረው ስትለው፣ ምቱም ይሰበራል፣ ሰውየውም ይጠፋል፤ የሚያለቅሰው ሌላ ሰው ይሆናል። እገዳው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ላላ። የአርጀንቲና አካዳሚ «ቦስ»ን የተማረ ሰው አነጋገር አድርጎ የተቀበለው ግን በ1982 ነው፤ በዚያን ጊዜ ሀገሩ በሙሉ በ«ቦስ» ሲናገር ኖሮ ነበር።

ማድሪድም ቀስ በቀስ ተማረች። የቦጎታ አካዳሚ በ1871፣ የሜክሲኮ በ1875 ተቋቁመው ነበር፤ በ1951 ሁሉም በሜክሲኮ ፕሬዚዳንት በሚጌል አሌማን ግብዣ በአንድነት ተሰበሰቡ። የማድሪዱ አካዳሚ ብቻ ቀረ፤ ሜክሲኮ በስደት ላይ ላለው የስፔን ሪፑብሊክ እውቅና ሰጥታ ነበርና የፍራንኮ መንግሥት እንዳይሄድ ከለከለው። ልጆቹ ያለ አባታቸው ማኅበር መሠረቱ፤ አባትየው ኋላ ገባ። በ2009 የወጣው ታላቁ የሰዋስው መጽሐፍ የሁሉም አካዳሚዎች ሥራ ነው፤ «ቦስ»ም በግሱ ዝርዝር ውስጥ ከ«ቱ» ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። ዛሬ ከስፓኒሽ ተናጋሪዎች በስፔን የሚኖሩት ከዐሥር አንድ ያህል ናቸው።

ኩዌርቮ በ1911 ፓሪስ ላይ ሞተ፤ መዝገበ ቃላቱ «መ»ን ሳይሆን በፊደላቸው አራተኛዋን ሆሄ እንኳ አላለፈም ነበር። ኮሎምቢያ በ1942 በስሙ ባቋቋመችው ተቋም ሥራው ቀጠለ፤ በ1994 የመጨረሻው ቅጽ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1997፣ በሜክሲኮዋ ሳካቴካስ ከተማ የስፓኒሽ ልሳን የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲከፈት የኩዌርቮ ያገሩ ልጅ ጋርሲያ ማርኬስ ተነሥቶ የፊደል አጻጻፍ ሕግ ጡረታ እንዲወጣ፣ «አቼ»ም እንድትቀበር ሐሳብ አቀረበ። ሳርሚየንቶ ከ154 ዓመታት በፊት ያለውን ማለቱ ነበር። ምሁራኑ ሳቁ፣ አንዳንዶቹም ተቆጡ፤ ጋዜጦቹም ለብዙ ቀናት ጻፉበት። «አቼ» አሁንም በየቃሉ መግቢያ ላይ ማንም ሳይጠራት ተቀምጣለች።